በአንድ ሃይላንድ የሸጥነው ፊርማ

የአዳማ ሰዎች፣ የዛሬው ጸቤ ከእናንተ ጋር ነው። ቀበሌውንማ ስንሰድብ ነው የኖርነው። ምን አመጣን?

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እኛ ሰፈር ጎርፍ ገባ። ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ቤት ስንደርስ እግራቸውን ሰብስበው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ምጣዳቸው ከማድ ቤት ወጥቶ አጥሩ ሥር ተደፍቷል። ዱቄቱ ጭቃ ሆኗል። «ነግሬያችሁ ነበር» አላሉንም። ቢሉን ይሻለኝ ነበር።

ነግረውናል እኮ! ከዚያ በፊት ስለ ባዶው ቦታ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት፣ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ነበር። ወደ ቅይጥ መኖሪያ ይቀየር ተባለ። አቴንዳንስ ዞረ፣ ሃይላንድ ታደለ፣ ፈረምን። እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ልጆቼ፣ ውሃው በየት ሊሄድ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው «ጥያቄው ተይዟል» አለ። ደግመው ሲጠይቁ ከኋላ አንዱ «እማማ፣ ይበቃዎታል፤ ሰዓት ሄደ» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ያ አንዱ እኔ ነኝ። የአርሰናል ጨዋታ ሊያመልጠኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ከጎርፉ በኋላ አቤት ልንል ሄድን። ኃላፊው አልተቆጣም፣ አልዋሸም። ፋይሉን ከፍቶ «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» የሚለውን ቃለ ጉባኤ አሳየን። ከሥሩ የእኛው ፊርማ ተደርድሯል። የእኔ ሦስተኛው ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲመክርበት ይላል። እኛ ምክራችንን በአንድ ሃይላንድ ሸጥን።

አዳማ ገንዳ ናት። ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ወደ መሃል ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ግን ከእማማ በቀር ማናችንም ስለ ውሃው አልጠየቅንም። አንዳንዶቻችን እንዲያውም ለልጃችን ቦታ ይደርሰን ይሆን ብለን ደላላ ስናነጋግር ነበር። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጎረቤት መሬት ሲያገኝ ሙስና ነው፣ እኛ ስናገኝ ዕድል።

እማማ አሁንም ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ። ግድግዳቸው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ይታያል፣ ከጉልበቴ ከፍ ይላል። ወደዚያ ላለማየት ሲኒው ላይ አፈጣለሁ።

ሰሞኑን ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሌላ ቦታ፣ ሌላ የፕላን ማሻሻያ። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ያው ሰብሳቢ፣ ያው ሃይላንድ ይሆናል፤ ብዙ አልጠብቅም። እማማን ይመጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። የሚደግፈኝ ካለ ግን ምን ከፋኝ» አሉኝ።

በ2 ሰዓት ተኩል በራቸው ላይ እገኛለሁ። በአንድ በኩል እኔ እይዛቸዋለሁ። በሌላው በኩል አንድ ሰው ያስፈልገኛል።