እንጀራችንን የቀማው መሐንዲሱ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ሲያትል በነበረን የኮሚዩኒቲ ስብሰባ አንድ አባት ማይክ ይዘው ለወጣቶቹ ምክር ሰጡ። “የዌርሃውስ (የመጋዘን) ሮቦት የሚሠራ መሐንዲስ የገዛ ወገኑን እንጀራ የሚቀማ ነው፤ ሌላ ሙያ ምረጡ” አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ አንገቷን ደፋች። ቀን ቀን ኮሌጅ ሜካኒካል ምህንድስና ትማራለች። ሌሊት ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ባለ መጋዘን ከመደርደሪያ ዕቃ እያወጣች ስካን ታደርጋለች።

ቅሚያው የቱ ጋ ነው? ስንት ሰው እንደሚቀጠር የሚወስነው መሐንዲስ ሆኖ ያውቃል? ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የአማዞንን የውስጥ ሰነዶች ጠቅሶ፣ ኩባንያው እስከ 2033 ከ600,000 በላይ ሰው ሳይቀጥር ለመሥራት ማሰቡን ጽፏል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ይህን አልክድም። ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ የሚያጸድቁት አለቆች ናቸው። የእኛ ልጆች ሙያውን ስለሸሹት ደግሞ የሚቀር ሮቦት የለም። አማዞን አንድ ሚሊዮንኛ ሮቦቱን በ2025 አጋማሽ ሥራ አስጀምሯል። የእኛን ፈቃድ አልጠየቀም።

ሙያው ራሱ ከየት እንደተነሣ እኚህ አባት ቢያውቁ እንዲህ ባልተናገሩ ነበር። ሚክ ማውንትዝ የሚባል ሰው ዌብቫን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አስቤዛ በኢንተርኔት እያዘዙ የሚገዙበት ኩባንያ ነው። በ2001 ከሰረ። ሰውዬው ግን የመጋዘኑን ጣጣ እዚያው አይቶታል፦ ዕቃ የሚያወጣው ሠራተኛ ጊዜውን የሚጨርሰው በእግሩ ሲኳትን ነው። በ2003 ኪቫ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። የኪቫ ሮቦት አጭር፣ ብርቱካንማ ነገር ነው። ከመደርደሪያው ሥር ይገባል፣ ብድግ ያደርገዋል፣ ሰውየው ወደቆመበት ያመጣዋል። አማዞን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የዚህ ሁሉ መነሻ የሰው እግር ድካም ነበር። ያንን ድካም ደግሞ ከእኛ ሰው በላይ ማን ያውቀዋል? ያን ቀን ካጨበጨቡት ብዙዎቹ በዌርሃውስ ደመወዝ ልጅ ያሳደጉ፣ ወገባቸው እዚያ የተጎዳ ናቸው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ያለችበት መጋዘን ወለሉ ላይ ኮድ የታተመባቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች አሉ። ሮቦቱ ሆዱ ሥር ባለ ካሜራ እያነበባቸው ነው የት እንዳለ የሚያውቀው። ያን ሌሊት አንዱ ሮቦት መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላው ያሉትም ተሰለፉ። ቴክኒሻኑ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ስህተቱን ይፈልጋል። እሷ ሮቦቶቹ ከሚሠሩበት አጥር ውጭ ሆና “ማሸጊያው ጥግ ጋ ያለውን ተለጣፊ እየው” አለችው። የፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) መጠቅለያ ላስቲክ ብጣሽ ሸፍኖታል። ፈረቃ ሲቀየር ሁሌም እዚያ ጥግ እንደሚወድቅ ታውቃለች። ለስምንት ወር አይታዋለቻ! ይህን ቢሮ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ጉዳዩ የሥራ ፍጥነት ብቻም አይደለም። በ2021 ለንደን፣ ኤሪዝ ያለው፣ አስቤዛ በኢንተርኔት የሚሸጠው የኦካዶ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሥቷል። ሮቦቱ ሰው ሲያይ ምን ያህል ርቆ ይቁም፣ ባትሪው ቢግል ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው መሐንዲስ ነው። ያ መሐንዲስ እናቱ እዚያ ወለል ላይ የቆመች ልጅ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሌላው ሰው እንደ ልጇ አይጨነቅላትም።

እኚህን አባት አከብራቸዋለሁ፤ ኮሚዩኒቲውን ለዓመታት አገልግለዋል። የአክስቴ ልጅ ግን ከስብሰባው ወጥታ መኪና ውስጥ “ትምህርቱን ልቀይረው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት እንቅልፏን ሰውታለታለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ማይኩን ለእሷ ይስጧት።