አፈሩን አትስደቡት፣ ያስራባችሁት እናንተ ናችሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

«የኔ ጓሮ አፈሩ አይረባም፣ ምንም አያበቅልም» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። የሚገርመው ይህን የሚለው ሰው ራሱ የወደቀውን ቅጠል ጠራርጎ ይከምርና ክብሪት ይጭርበታል፣ የአትክልት ልጣጩን በፌስታል ቋጥሮ ከቆሻሻ ጋር ይጥላል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ፍለጋ ይሄዳል። እስቲ ንገሩኝ፤ ከዚያ መሬት ስንት ጊዜ ጎመንና ካሮት ወሰዳችሁ? ምን መለሳችሁለት? ጭስ?

ዩሪያ ጠላቴ አይደለም። ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፣ ተክል ይወደዋል። ግን ባዶ አሸዋ ላይ ስትበትኑት ማን ይይዘዋል? ከውሃው ጋር ወደ ታች ሰርጎ ይሄዳል፣ አፈር ሳይለብስ ከላይ ከቀረ ደግሞ ከፊሉ በንኖ ይጠፋል። ውሃውንም ምግቡንም ይዞ የሚያቆየው የበሰበሰው ነገር ነው። እሱን ነው ያቃጠላችሁት።

ደግሞ አፈራችሁን ሳታውቁት አታክሙት። ክዳን ያለው ሰፊ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩና በደንብ በጥብጡት። ከዚያ አስቀምጡትና አትነካኩት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንም ከዚያ በላይም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። የትኛው እንደሚበዛ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሳንቲም አያስወጣም፤ ግን ስንቶቻችሁ ሞክራችሁታል?

እኔም ብሆን ጻድቅ አይደለሁም። አንድ ጊዜ አፈሩ የሚያጣብቅ ሸክላ የሆነ የአትክልት መደብ ነበረኝና ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አሸዋ ጨመርኩበት። ሲደርቅ ጡብ ሆነ! ዶማ ይመልስ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ለሸክላውም ለአሸዋውም መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ኮምፖስት፤ ያ የምታቃጥሉት ቅጠልና የምትጥሉት ልጣጭ ተከምሮ ሲበሰብስ ማለት ነው። ሸክላውን ያላላዋል፣ አሸዋውን ያያይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት አልብሱትና ከላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሳሳ አድርጎ ከላይ መበተን ይበቃል፤ በየወቅቱ እየገለበጣችሁ አታድክሙት።

ኮምፖስት ለመሥራት የተማረ ሰው አያስፈልግም። ደረቁ ቅጠል በመጠን ከእርጥቡ ልጣጭ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። እፍኝ ሙሉ ጨምቃችሁ ስታዩት ጠብ ጠብ ካለ ይበቃዋል፣ ከፈሰሰ ግን ውሃው በዝቷል። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፣ ገልብጡት፣ ደረቅ ነገር ጨምሩበት። ሰጋቱራ አገኘሁ ብሎ በቀጥታ አፈር ውስጥ የሚቀብር ደግሞ አለ፤ ያ ሰጋቱራ እስኪበሰብስ ድረስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ተክሉም ቢጫ ይሆናል። ቁልሉ ውስጥ ይግባና እዚያው ይብላላ።

ፍግስ? ጥሩ ነው፣ ትኩሱ ግን ሥር ያቃጥላል፣ ጀርምም ይዞ ይመጣል። ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ትኩስ ፍግ ጨምራችሁ ከሆነ እስክትሰበስቡ ቢያንስ 4 ወር ይለፈው። አመድ ላይም እጃችሁን ሰብስቡ። አመድም ኖራም የአፈር ኮምጣጣነት ይቀንሳሉ፣ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው አትክልት የሚመቸው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ከ6 እስከ 7 ነው፣ ሳይለኩ በየሳምንቱ አመድ መድፋት መድኃኒቱን በማንኪያ ሳይሆን በባልዲ መጠጣት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መደቡን ትረግጡታላችሁ! ውሃ ስታጠጡ፣ ስታርሙ፣ ስልክ ስታወሩ ሳይቀር። የተረገጠ አፈር አየር የለውም፣ ውሃ አይገባውም። መደቡን 1.20 ሜትር ብቻ አስፉት፣ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃሉ ይደርሳል፣ እግራችሁ ውጭ ይቅር። ርጥብ ሸክላንም አትቆፍሩ። ጨብጣችሁት በጣት ስትነኩት ካልተፈረፈረ ገና ነው፣ ጠብቁ።

ባቄላ ወይም አተር ዘርታችሁ ሲያበቃ ደግሞ ከነሥሩ አትንቀሉት፣ ከላይ ቁረጡት። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች ብትሰነጥቋቸው፣ ተክሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ውስጣቸው ቀላ ያለ ነው። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙት እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ኮምፖስቱ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ መሬቱን ራቁቱን ለፀሐይ አትተዉት። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ 5 ሳንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ሳያስነኩ። ከወር በኋላ አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ትል ካገኛችሁ እንዳትጨፈልቁት፣ የሚቆፍርላችሁ እሱ ነው።