በሩ ከተዘጋ አልሞላም

ዛሬ ጀርመን ያለ ወገኔን ላመስግን። በተለይ ሐምሌ ሲመጣ ካምፐር የሚከራየውን። ካምፐር ያው አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለው መኪና ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በተራ መንጃ ፈቃድ ከተነዳ መኪናው ራሱ፣ ሰውም ዕቃም ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ አይለፍ። የኛ ሰው ሕግ ግን ከዚህም ያጥራል። በሩ ከተዘጋ አልሞላም።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እየተባለ ያደገን ሰው ቁጥር አያስደነግጠውም።

አንድ ወዳጄ ቤተሰቡን ይዞ ጣሊያን፣ ጋርዳ ሐይቅ ሊሄድ ተነሳ። የመኪናው ሰነድ ባዶውን 3,250 ኪሎ ይላል። ነዳጁና 75 ኪሎ ተብሎ የተገመተ ሹፌር እዚያው ውስጥ ናቸው። (ወዳጄ 75 ኪሎ የነበረው ሠርጉ ላይ ነው።) ቀሪው 250 ኪሎ ነው። ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቹ፣ አማቱና 100 ሊትር ውሃ እሱን ጨረሱት። ጭነቱ ገና አልተጀመረም።

"ቦታ አለ እኮ!" አሉ አማቱ እትዬ።

ቦታማ ሞልቷል። ጀርመን ኪሎ ይቆጥራል፣ ብልህ ሰው ቁም ሣጥን ይቆጥራል። ከአልጋው ሥር 25 ኪሎ ጤፍ ገባ። ምጣዱ ገባ። ጀበናው ከነረከቦቱ ገባ። ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከኋላ ተንጠለጠለ። ዶሮ ወጡ በትልቁ ድስት፣ ክትፎው፣ ቢራው በሣጥን። ደግሞ የታሸገ ውሃ በደርዘን፤ ሐይቅ ዳር ውሃ ቢጠፋስ?

"ለጥቂት ዩሮ የሚመዝኑ ቦታዎች አሉ፣ አስመዝነው" አልኩት።

"ሥጋ ነኝ እንዴ?" አለኝ። ልክ ነው። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ፍሬን አልይዝ ቢል የፍሬኑ።

አውቶባን (ፈጣኑ አውራ ጎዳና) ላይ የፖሊስ መኪና ቀደመውና "ተከተለኝ" የሚል ጽሑፍ አበራለት። ሚዛኑ 3,880 አለ። ትርፉ ከ10 በመቶ ትንሽ ያልፋል፤ ቅጣቱ 30 ዩሮ። ወዳጄ በደስታ ከፈለ። ለዚህ ሁሉ ጭነት የማይረባ ኪራይ ነው! ፖሊሱ ግን አልጨረሰም፦ ትርፉ ሳይወርድ ንቅንቅ የለም።

ውሃውን ደፉ። 3,780።

"እህል አይጣልም" አሉ እትዬ። "ይበላል።"

ሣሩ ላይ ተነጠፈ። ዶሮው አለቀ፣ ክትፎው ትንሽ ሲቀረው አለቀ፣ ቢራው ተጋመሰ (ሹፌሩ አልቀመሰም፣ ሕግ አክባሪ ነው)። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ይዘው ገቡና ሚዛን ላይ ወጡ።

3,780።

ሁሉም ተያዩ። ፖሊሱ የልጆቹን ሆድ፣ ከዚያ የወዳጄን አየ። መጀመሪያ የገባቸው እትዬ ናቸው። ከመኪናው ወርደው አንድ ንጹሕ ሳህን አወጡ፣ የተረፈውን ክትፎ በእንጀራ ጠቀለሉና በግራ እጃቸው ቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው ወደ ፖሊሱ አፍ ዘረጉ።