ድመቷን ዘግታችሁባት «አመሏ ከፋ» አትበሉ

ኧረ ተዉ ወገኖቼ! «ሶፋዬን ቦጫጨቀችው»፣ «ሌሊት እየተሯሯጠች አላስተኛ አለችኝ»፣ «እግሬን ነከሰችኝ»፣ ከዚያ ደግሞ «ድመት የሚወስድልኝ አለ?» ወሳጅ ሲጠፋ በካርቶን ከትቶ ገበያ ዳር ጥሎ መመለስ። ሁልጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ በር ተቆልፎባት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ስታይ የምትውል እንስሳ ምን ታድርግላችሁ?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል ሰምተን አድገን ይሄ እንዴት ይጠፋናል? ድመት አዳኝ ናት። ሆዷ ቢጠግብም ማደኑን አትተውም። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት የምትተኛው ለዚያ ጉልበት ስታጠራቅም ነው፤ የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። እናንተ ደክማችሁ ስትገቡ የሷ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። የሚታደን ካጣች ብርድ ልብስ ስር የሚንቀሳቀሰውን የእግር ጣታችሁን እንደ አይጥ ትይዘዋለች። ተንኮል የለበትም።

ማሰሩማ ከሁሉ ያንገበግባል። አንገቷ ላይ ሲባጎ አስገብቶ ከጠረጴዛ እግር ጋር! ወንበር ላይ ወጥታ በሌላው በኩል ስትዘል ገመዱ ያንቃታል። እባካችሁ ፍቱላት።

«መጫወቻው ውድ ነው» የሚባለውም አያስኬድም። በየዓመት በዓሉ ስንት የዶሮ ላባ ይጣላል? ሦስት አራት ረዣዥሙን መርጣችሁ በሳሙና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁ። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ዱላ ጫፍ ላይ ግማሽ ሜትር ገመድ አስራችሁ ላባውን አንጠልጥሉበት። አለቀ። የሚበላሸው አጨዋወቱ ላይ ነው። ሰው ላባውን አፍንጫዋ ላይ እያወዛወዘ «አትጫወትም» ይላል። የትኛው አይጥ ነው ወደ ድመት የሚሮጠው? ከሷ አርቁት፤ መሬት ለመሬት ጎትቱት፤ ከሶፋው እግር ኋላ ግማሹን ደብቁና ዝም በሉ፤ ከዚያ ጫፉን ብቻ ነቅነቅ አድርጉት። ያኔ እዩዋት። ጆሮዋ ወደፊት ይቀሰራል፣ ብሌኗ ሰፍቶ ዓይኗ ጥቁር ይመስላል፣ ደረቷን መሬት አስነክታ ዳሌዋን ወዝወዝ ታደርግና ትወነጨፋለች። አንዳንዴ ያምልጣት፣ አንዳንዴ ትያዘው። ጨርሶ የማይያዝ ነገር ያበሳጫታል፤ የሌዘር መብራት ብቻውን የማይሆነውም ለዚህ ነው። በመብራት ካጫወታችሁም መጨረሻ ላይ በጥፍሯ የምትይዘው ነገር ስጧት።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ ይበቃል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አጫውቷት፣ ቀስ እያላችሁ አብርዱት፣ ወዲያው ራቷን ስጧት። አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች፤ ተፈጥሮዋ ይሄ ነው። ራቷን አስቀድማችሁ ሰጥታችሁ ጨዋታውን ከተዋችሁት ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃ ላይ ታገኟታላችሁ።

በባዶ እጅ ማጫወት ይቅር። በሦስት ወሯ የሚያስቀው ንክሻ በዓመቷ ደም ያወጣል፤ እጅ የሚታደን ነገር ነው ብላችሁ ያስተማራችኋት እናንተ ናችሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ዱላውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ምላሷ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ ሻካራ እሾሆች ስላሉ አፏ የገባ ክር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም፤ አንጀቷን አጨማዶ ሊበጣው ይችላል። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

ወደ ሶፋው ስንመጣ፣ ቧጥጣ ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ታወልቃለች፣ ጀርባዋን ትዘረጋለች፣ ጠረኗን እዚያ ትተዋለች። ማስቀረት አይቻልም፤ ቦታ መቀየር ግን ይቻላል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ ከባድ ጣውላ ላይ አስመቱ። የጣት ውፍረት ባለው የቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፤ ወደ 25 ሜትር ይፈጃል። ከተወዛወዘ ሁለተኛ አትነካውም፤ ካጠረም እንደዚያው። እና ለምን በር ኋላ ትደብቁታላችሁ? የምትቧጥጠው ሶፋ አጠገብ አቁሙት።

ምግቧንም በሳህን ብቻ አትስጧት። ባዶ ሃይላንድ ላይ ደረቁ ምግብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አብጁለት፤ እያንከባለለች ታውጣው። የበሰለ ሥጋ ከሆነ የእንቁላል ካርቶን ላይ በየጉድጓዱ በታትኑት። ወጥ ግን አይሆንም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሏን ይጎዳል።

መስኮት ስር ከፍ ያለ ነገር አስቀምጡላት፤ ወፍና መንገደኛ ስታይ ትውላለች። ግን የትንኝ መረብ ብቻ ያለበትን መስኮት አትመኑ፤ በጥፍሯ ይቀደዳል። ጠንካራ ሽቦ ይመታበት፣ በረንዳውም ጭምር። ወፍ ስታይ ፎቁን አታስታውስም።

ሰጋቱራ ወይም አሸዋ የገባበት፣ የምትጸዳዳበት ሳፋዋም በየቀኑ ይጠረግ። ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ጠብታ ካልወጣው አመል አይደለም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ በአንድ ሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል። ያን ቀን አትቆጡት፣ ነገም አትበሉ፣ ያዙትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።