ከሰሰችኝ!

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ጥግ ይዤ ሽሮዬን እጠብቃለሁ። የምሳ ግርግሩ አልፏል። ባለቤቱ ጋሼ አንዲት የተከፈተች ፖስታ ይዘው መጡና ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ።

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ከሰሰችኝኮ!»

«ማን?»

«ያቺ ልጅ ናታ! ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ማን ተቀበላት? ተጣልተን እንኳ አይደለም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ነው ያሰናበትኳት። አብልቼ አጠጥቼ ጭራሽ ፍርድ ቤት ታቁመኝ?»

ደብዳቤውን አየሁት። ፍርድ ቤት የሚል ቃል የለበትም። የመጣው ከሜሪላንድ የስራ አጥ መድን ክፍል ነው። ልጅቷ የእኛ ሰው «አንኢምፕሎይመንት» የሚለውን፣ ስራ ያጣ ሰው በየሳምንቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ጠይቃለች። መስሪያ ቤቱ ደግሞ አሰሪዋን አንድ ነገር ይጠይቃል። ለምን ለቀቀች? ስራ አንሶ ነው? አጥፍታ ነው? ወይስ በገዛ ፈቃዷ? ይኸው ነው።

ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም። በእሳቸው ቤት አሰሪና ሰራተኛ የአጎትና የእህት ልጅ ማለት ነው። ቅር ያለው ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ መንግስት አይልክም። እውነቴን ነው፣ ለእሳቸው ማዘኔ አልቀረም። ልጅቷም ደብዳቤው እሳቸው ጋ እንደሚደርስ ብታውቅ ኖሮ ምናልባት ሳትጠይቅ ትቀር ነበር። ስንቱን አውቃለሁ፣ «ሰውዬው ይቀየመኛል» ብሎ መብቱን የተወ።

እኔ ራሴ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። የምሰራበት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ማሽን አስገባና እኛን ሸኘን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋይል ሳላደርግ ቆየሁ። ልመና መስሎኝ ነው። አብሮኝ የሚሰራ የሳልቫዶር ሰው ነው የሳቀብኝ። «ቤትህ ቢቃጠል የቤት ኢንሹራንስህን አትጠይቅም?» አለኝ።

ነገሩ በእርግጥም ኢንሹራንስ ነው። ዊስኮንሲን በ1932 (እ.ኤ.አ.) ቀድማ ህጉን አወጣች። በ1935 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ህግ በኩል አገሩን አዳረሰ። የሚከፍለው አሰሪው ነው። ከሰራተኛ ላይም የሚቆርጡት አላስካ፣ ኒው ጀርሲና ፔንሲልቬንያ ብቻ ናቸው። አሰሪው ለፌዴራል መንግስት በእያንዳንዱ ሰራተኛ የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ላይ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ይከፍላል። በዓመት 42 ዶላር መሆኑ ነው። ዋናው ክፍያ ለስቴቱ ነው። ሜሪላንድ የምትቆርጠው ከመጀመሪያው 8,500 ዶላር ላይ ሲሆን መጠኑ ከአሰሪ አሰሪ ይለያያል። ሰው በብዛት ያሰናበተ ወደፊት የበለጠ ይከፍላል። ልክ አደጋ ያበዛ ሾፌር የመኪና ኢንሹራንሱ እንደሚወደድበት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ተናደዱ። «እና ለእሷ የምከፍለው እኔ ነኝ?»

«ከፍለው ጨርሰዋል ጋሼ። ሂሳብ የሚሰሩልዎ ሰውዬ በየሩብ ዓመቱ ሲልኩት የነበረው ምን መሰልዎት?»

አገር ቤት ስራ የለቀቅኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ካዛንቺስ አካባቢ የነበረ የግል ድርጅት ነው፤ ሰው ሲቀንስ ተራው ደረሰኝ። አምስት ዓመት ሰርቻለሁ። የስንብት ክፍያዬን ለመቀበል ለአራት ወር ያህል ተመላለስኩ። «ሂሳብ ሹሙ የሉም»፣ «ፊርማ ይቀራል»፣ «ሰኞ ብቅ በል»። ያባረረኝን ሰው በር ላይ ቆሜ ነው ገንዘቤን የምለምነው። ዛሬ በስራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011ም ለአንድ ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያን ሲሶ ይሰጣል። አምስት ዓመት የሰራ ሁለት ወር ከአስር ቀን ገደማ ያገኛል፤ እንደኔ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢሰራ እንኳ ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚደጉም መድን የለም። ሰራተኛው 7፣ አሰሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታ ለእርጅና የተቀመጠ ነው እንጂ መሀል ላይ ለጎደለ ሰው አይደለም።

ለመሀሉ ያለው ዘመድ ነው። እኔን የያዘችኝ እህቴ ናት። ጠዋት ጫማዬን ጠርጌ፣ ሸሚዜን ተኩሼ እወጣለሁ፤ ጎረቤት ስራ የምሄድ እንዲመስለው። የምሄደው ግን አራት ኪሎ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ተከራይቼ ክፍት የስራ ቦታ አነባለሁ። አጠገቤ ያለው «ቶሎ በል ወንድሜ፣ ወረፋ አለ» ይለኛል። ማታ ስመለስ እህቴ ሰሃን አቅርባ ምንም አትጠይቀኝም። ያ አለመጠየቋ ከጥያቄ ይከብድ ነበር።

ቋንቋችንም ቢሆን አይምርም። «ስራ ፈት» እንላለን። ስራ ሚስት ሆና በሰማንያ አግብተን የፈታናት ይመስል! ማን ማንን እንደፈታ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ግን በየሳምንቱ የሚጠይቀኝ ኮምፒውተር ነበር። ሰርተሃል? ስንት አገኘህ? የቀረበልህን ስራ እምቢ ብለሃል? ስራ ለመፈለግስ ምን አደረግክ? ሜሪላንድ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሙከራ ትፈልጋለች። መልሱን ትሞላለህ፣ ገንዘቡ ይገባል። ውለታ የለበትም፤ ቀና ብለህ ታድራለህ።

ታድራለህ ስል ግን በጠባቡ ነው። የሜሪላንድ ትልቁ ሳምንታዊ ክፍያ 430 ዶላር ነው። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቅ ሳይል ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚያ በታች ለሚደርሰው፣ ጥገኛ ልጅ ካለው በልጅ 8 ዶላር ይጨመራል፣ ያውም እስከ አምስት ልጅ። ስምንት ዶላር! ዛሬ አንድ ቡናና ክሩዋሳን ነች። ይህም ቢበዛ ለ26 ሳምንት ነው። በዚያ ላይ የፌዴራል ታክስ አለው። እህቴ ታክስ አልጠየቀችኝም።

ደግሞ ሁሉም ሰው አያገኘውም። በ«ቴን ናይንቲ ናይን» የሚሰራው፣ ማለትም በራሱ ተቋራጭ ሆኖ የሚነዳው የኡበር ሾፌራችን፣ በደህናው ቀን ከዚህ መድን ውጭ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኮንግረሱ ለእነሱም የተለየ ፕሮግራም አወጣ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ ደግሞ በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረበት። ያን ሰሞን ይሉኝታ የሚባል ነገር ጠፋ። ሰዉ በስልክ ሰላም ሲባባል «ገባልህ?» ነበር የሚለው። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ይሉኝታውም ተመለሰ፣ ሾፌሩም ወደ ሜዳው።

ጋሼ በመጨረሻ ተረጋጉ። «ስራ አንሶ ነው ብለህ ሙላልኝ፤ እውነቱም እሱ ነው» አሉ። ሞላሁላቸው። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስንት ይሰጧታል ለመሆኑ?»

«ከተጠናቀቁት አምስት ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹን አራቱን ያዩና በቼክ በተከፈላት ልክ ያሰላሉ።»

ዝም አሉ። ልጅቷ በሳምንት ስድስት ቀን ትሰራ እንደነበር እኔም ደንበኛ ነኝና አውቃለሁ። ሦስቱ በቼክ፣ ሦስቱ በከሽ ነበር።

«የከሹስ?»

«የከሹን እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«በከሽ ይሁንልኝ ያለችኝኮ ራሷ ናት» አሉ፣ ወረቀቱን እያጣጠፉ።

ሊሆን ይችላል። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ያልኩት እንደሷ ነበር። ሽሮዬ መጣ።