ቂም ይዞ ቅዳሴ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ እየቀመስን አንድ የአገሬን ልጅ ስለ ታላቅ ወንድሙ ጠየቅሁት። «እሱን ብሎክ አድርጌዋለሁ» አለኝ። ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ ነው። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ኀዘንም አልነበረም። አድራሻ እንደ መቀየር ያለ ተራ ነገር ነበር የነገረኝ።

ምክንያቱ ቢቸና ላይ አብረው የጀመሩት ቤት ነው። ብሩን ማን ላከ፣ ካርታው በማን ስም ወጣ። እናታቸው ለሁለቱም በየተራ እየደወሉ ያለቅሳሉ።

እኔን ያንገበገበኝ ጠባቸው አይደለም። ወንድማማች ይጣላል። ያንገበገበኝ ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ደብር እያስቀደሰ፣ እኛም እያየነው፣ አንድ ሰው ተነሥቶ በሩን አለማንኳኳቱ ነው።

እኛ አገር ቢሆን ያስቀምጡታል? ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ሳይጠምድ፣ ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ናቸው። አንድ ቄስ መስቀል ይዘው ከፊት ይቆማሉ። ግቡ ሲባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም። ስለ ጊዮርጊስ!» ይላሉ። ዛሬ እንቢ ቢል ነገ ይመጣሉ። ነገም እንቢ ቢል በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱን፣ ክርስትና ልጁን፣ የነፍስ አባቱን ይዘው ይመጣሉ። ያኔ ነገሩ የሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። «ሽማግሌ ረገጠ» ከተባለ በኋላ ወንፈል የሚገባለት ሰው ያጣል፤ ሰላምታው ሁሉ ይቀዘቅዛል። የጽዋ ማኅበሩም አለ። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አንድ ማኅበር ውስጥ ካሉ ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ዝም ብሎ ጽዋ አያዞርም። መጀመሪያ ይነሡ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባባሉ፣ ከዚያ ይጠጣል።

ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ የሽማግሌዎች ወግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከሩቅ ሆኜ ሳየው ወንጌሉን ቃል በቃል እየኖሩት ነበር። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ልብ በሉ፣ አንተ በወንድምህ ላይ ቂም ካለህ አይደለም የሚለው። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ካሰብህ ነው። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ የሚለው ሳይጣራ መንገድ የሚጀምረው መባውን የያዘው ሰው ነው።

እዚህ ጸሎት አልጎደለንም። ይህን ስናገር ከልቤ ነው። ሌሊት በኮንፈረንስ ስልክ ውዳሴ ማርያም የሚያደርሱ እናቶች አሉን። ሥራ ላይ ሆኖ በአንድ ጆሮው ቅዳሴ የሚሰማ ታክሲ ነጂ አለን። በሕማማት ሆስፒታል ስታድር የነበረች ነርስ ቤቷ ሳትገባ መጥታ ከእኛ ጋር ስትሰግድ አይቻለሁ፤ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አገር ቤት የቀሩት «እነዚያ አሜሪካ ሄደው ሃይማኖታቸውን ጣሉ» ሲሉ ስሰማ ይከፋኛል፤ አልጣልንም። ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ስግደቱን ይዘን መጥተናል። አስታራቂውን ነው እዚያ የተውነው።

ደግሞ ጸሎቱ ራሱ አይለቀንም። «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እንላለን፣ በቀን ስንት ጊዜ። ጌታ ይህን ጸሎት አስተምሮ ሲያበቃ ተመልሶ ያብራራት ይህችን ቃል ብቻ ናት። እንጀራውንም ፈተናውንም አልደገመውም። ይቅር ካላላችሁ አባታችሁም ይቅር አይላችሁም አለ። አባቶቻችንም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ነግረውናል።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን እጅ እንድንነሣሣ ሲያዝዝ ሁላችንም ወደ ግራ ወደ ቀኝ ጎንበስ እንላለን። ጎንበስ የምንለው ግን አጠገባችን ለቆመው ነው። ያኮረፍነው ሰውዬ የቆመበትን ቦታ ከበር ስንገባ አይተን፣ ሌላኛው ጥግ ሄደን ነው የቆምነው።

«የግል ጉዳያቸው ነው» ይባላል እዚህ። ከአገሩ የተማርነው ነው፤ ብዙ ጥሩ ነገርም አለው። እኔ ፈረንጆቹን አልወቅስም። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ናት። አንድ ቀን በመኪና ማቆሚያ ነገር ልጄን ክፉኛ ተቆጣችው። ያኑ ዕለት ማታ በሬን አንኳኳች። ሽማግሌ አላከችም፣ ምክንያት አልደረደረችም። «በድያለሁ፣ ልጅህን ይቅርታ ልጠይቀው» አለችኝ። አንድ ትንሽ ልጅ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀችው! እኛ ጋ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ይህን ከነሱ ብንወስድ ምን ነበረበት? እኛ ግን የወሰድነው «አያገባኝም» የሚለውን ነው።

የአገር ቤቱንም አላሳምርም። በዚያው በጎጃም ደም የሚባል ነገር አለ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ደሙን ካልመለሰ በቀረርቶ ይሰደባል፤ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ማግስት የሚያደባ ሰው አለ። እርቅ ደም ያደርቅ የተባለው ደሙ ስለበዛ ነው። ከሁሉ የሚያመኝ ደግሞ የሴቶቹ ነገር ነው። ባሏ ጥርሷን ያወለቀው ሴት «ለልጆችሽ ብለሽ ይቅር በይው» ተብላ ወደዚያው ቤት ስትመለስ አይቻለሁ። የመለሷት እኔ የማከብራቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ያ ይቅርታ አይደለም፤ ዝም ማሰኘት ነው። እዚህ ቢሆን ፖሊስ ይመጣል፤ ይህን ስል አላፍርም።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጎጃም ጦርነት ላይ ነው። በሁለት ደመኞች መሀል ይመላለሱ የነበሩት ሽማግሌዎች መንገዱ ራሱ አስፈርቷቸዋል። እኛ ለአገራችን ሰላም ብለን ምሕላ እንይዛለን፤ መያዝም አለብን። ግን የምሕላው ዕለት ሁለቱ የቢቸና ልጆች፣ አንዱ እዚህ አንዱ ሲያትል፣ ሳይታረቁ ይቆማሉ።

እርቅ እዚህ አገር አይሆንም የሚለኝ ሰው አለ። እንዴት አይሆንም? በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከ25 ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩት የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶስ የታረቁት የት ሆነና? እዚሁ ዋሽንግተን ነው። የተወጋገዙ አባቶች ውግዘቱን አነሡ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም አገራቸው ገቡ። ያን ቀን እልል ብለን ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ። ጳጳሳቱ ከታረቁ በኋላ በሰበካ ምርጫ የተጣሉ ምእመናን ግን እስከ ዛሬ የአንዱ ልቅሶ አንዱ አይደርስም።

የእኛ ደብር ለሁሉ ነገር ኮሚቴ አለው። ለወጥ ቤቱ አለ፣ ለመኪና ማቆሚያው አለ፣ ለሕንፃው አለ። ለእርቅ የለም። ሦስት ሰው ይመረጥ ብዬ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ ዱላ ያለበት ነገር ወደ ሽምግልና አይምጣ ብዬም ጨምሬያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ግን አንድ ቄስና ከደጀን የመጡ አንድ አባት አብረውኝ ሊሄዱ ተስማምተዋል። ቅዳሜ ማታ ታናሹ ቤት እንሄዳለን። አልደወልንለትም፤ ከደወልንለት ቤት የለሁም ይለናል። ታላቅየው ሲያትል ነው ያለው፤ እዚያ ያላችሁ የቢቸናና የደብረ ወርቅ ልጆች የእሱን በር እናንተ አንኳኩልን።