እርማት፦ «ኳስ ላይ ካተኮረ ሰነፍ ነው» ለሚለው

«ልጁ ኳስ ሲያይ ሁለት ሰዓት ፍንክች አይልም፤ የቤት ሥራ ሲባል ግን ይቁነጠነጣል፤ ስለዚህ ስንፍና እንጂ ኤዲኤችዲ (ትኩረትንና እርጋታን መቆጣጠር የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ችግር) አይደለም፤ አለንጋ ነው የሚበጀው» ላሉት ወንድማችን፦ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። ልጁ ትኩረት አለው፤ ያቃተው ትኩረቱን ወደፈለገበት ማዘዝ ነው። ኳስ በየደቂቃው ራሱ ይስበዋል፤ ደብተር አይስበውም።

እስቲ ይህን ጥያቄ ይዩት፦ «አንድ የቡሬ ነጋዴ ካለው 3 ኩንታል በቆሎ 85 ኪሎ ሸጠ፤ ስንት ኪሎ ቀረው?» ልጁ መቀነስ ያውቃል። ግን 3 ኩንታሉን ወደ 300 ኪሎ ለውጦ፣ ዓይኑ 85ን እስኪያገኝ 300ው ከአእምሮው ይጠፋል። ከዚያ እርሳሱን ሲያኝክ ይገኛል። «300»ን ዳር ላይ ያስጽፉት፤ ግማሹ ጣጣ እዚያው ያልቃል። አለንጋ 300ውን አይመልስለትም።

ወረቀቱን አጥፈው ሦስት ጥያቄ ብቻ ያሳዩት። 10 ደቂቃ ይሥራ፣ 3 ደቂቃ ተነሥቶ ውኃ ይቅዳ። ከብት አስገብቶ ሲደክመው፣ በመሸ ማስጀመርማ የማይሆን ነገር ነው።

እርግጥ የቤት ሥራ ያስቸገረው ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት አይባልም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው፤ ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው።